የድሬሳዥ ፈረስ ከውጭ አገር በወኪል ስትገዙ፦ ከመጀመሪያው ስልክ እስከ ጋጣው

ድሬሳዥ ፈረስና ጋላቢ የተወሰኑ እንቅስቃሴዎችን በዳኞች ፊት የሚያሳዩበት የግልቢያ ስፖርት ነው። ለዚህ ስፖርት ከውጭ አገር ፈረስ ገዝተው የሚቆጩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ መጥፎ ፈረስ ገጥሟቸው አይደለም። ቅደም ተከተሉ ነው የተበላሸባቸው። መጀመሪያ ቪዲዮ አዩ፣ ወደዱ፣ ቀብድ ላኩ። ስለ ውሉ፣ ስለ ሐኪሙና ስለ ለይቶ ማቆያው መጠየቅ የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት የመደራደር አቅም የለም። "በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ" የሚለው ተረት ለፈረስ ገዢም ይሠራል።

ስለዚህ ደረጃዎቹን በተራቸው ሂዱባቸው። አንዱ ሳያልቅ ወደሚቀጥለው አትለፉ። ከመጀመሪያው ስልክ ፈረሱ ጋጣ እስኪገባ ሦስት አራት ወር ብትመድቡ አይበዛም።

ደረጃ 1፦ ከመደወላችሁ በፊት

የምትፈልጉትን በአንድ ገጽ ጻፉ

ለራሳችሁ ሳታዳሉ ጻፉ። አሁን የምትጋልቡት በምን ደረጃ ነው? በሳምንት ስንት ቀን? አሰልጣኝ በየስንት ጊዜው ያያችኋል? "በሁለት ዓመት ውስጥ እደርስበታለሁ" የምትሉትን ሳይሆን ዛሬ ያላችሁበትን ጻፉ። በሳምንት ስድስት ቀን በባለሙያ የሚጋለብ ፈረስ በሳምንት ሦስት ቀን በአማተር ሲጋለብ ሌላ ፈረስ ይሆናል።

ቀጥሎ የማትደራደሩባቸውን ሦስት ነገሮች ለዩ። ለምሳሌ፦ ከ12 ዓመት ያልበለጠ፣ ብቻውን ውጭ ሲጋለብ የማይደነግጥ፣ በደንገላሳ መሃል እግር መቀየርን (የሚመራውን የፊት እግር መለዋወጥን) በሚገባ የሚያውቅ። ከሦስት በላይ ከሆነ የምትፈልጉት ፈረስ ምናልባት አልተወለደም።

ዕድሜን በተመለከተ አንድ ደንብ ያዙ። ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን፣ ማለትም ኤፍኢአይ፣ በፕሪ ሳን ዦርዥ (ከዓለም አቀፍ የድሬሳዥ ደረጃዎች አንዱ ነው) የሚወዳደር ፈረስ ቢያንስ 7 ዓመት፣ በከፍተኛው ደረጃ በግራን ፕሪ የሚወዳደር ደግሞ ቢያንስ 8 ዓመት እንዲሞላው ይጠይቃል። አንድ ሰው የ6 ዓመት ፈረስ ይዞ "ግራን ፕሪ የጨረሰ ነው" ካላችሁ ወይ እያጋነነ ነው፣ ወይ ፈረሱን ከአቅሙ በላይ አሠርቶታል። ሁለቱም ለእናንተ አይበጁም።

በጀቱን በሦስት ክፈሉት

60 ሺህ ዩሮ ካላችሁ የምትፈልጉት ፈረስ የ40 ሺህ ዩሮ ነው። ሲሶውን አትንኩት። የወኪል ኮሚሽን፣ ሐኪም፣ ለማየት የምትሄዱበት ጉዞ፣ የአውሮፕላን ጭነት፣ ለይቶ ማቆያ፣ ቀረጥ፣ ኢንሹራንስ፣ አዲስ ኮርቻ ሁሉ ከሲሶው ይወጣል። ለወኪሉ የምትነግሩት ቁጥርም 40 ሺህ ነው። ሙሉውን ከነገራችሁት በ60 ሺህ የሚሸጥ ፈረስ ያመጣል። ክፉ ስለሆነ ላይሆን ይችላል፤ ሥራው ነው።

የአገራችሁን የማስገቢያ ደንብ አስቀድማችሁ እዩ

ይህን ብዙ ሰው መጨረሻ ላይ ያስታውሰዋል። መጀመሪያ መታየት ያለበት ግን ይሄ ነው፤ ፈረሱን ከየት መግዛት እንደምትችሉና ጾታው ምን ቢሆን እንደሚሻል የሚወስነው ደንቡ ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ለማሳየት ሁለት አገር ልጥቀስ። አሜሪካ ከምዕራብ አውሮፓ የሚመጣ የተኮላሸ ፈረስን በሦስት ቀን ገደማ ለይቶ ማቆያ ታሳልፋለች። ሁለት ዓመት ያለፈው ድንጉላ ወይም ባዝራ ከሆነ ግን በግንኙነት ለሚተላለፈው የማኅፀን ብግነት ተጨማሪ ማቆያ አለ። ለባዝራ ሁለት ሳምንት ገደማ፣ ለድንጉላ ከወር በላይ ይወስዳል። ወጪውም በዚያው ልክ ይንራል። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ካለበት አገር የሚመጣ ደግሞ 60 ቀን ይቆያል። አውስትራሊያ በበኩሏ ከመነሳቱ በፊት ቢያንስ 14 ቀን፣ ከደረሰ በኋላም ቢያንስ 14 ቀን ትጠይቃለች።

የአገራችሁን የእንስሳት ጤና መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ጠይቁ። መልሱንም በጽሑፍ ያዙ። "ባለፈው ዓመት እኮ እንዲህ አልነበረም" የሚል የወኪል ቃል አይበቃም፤ በሽታ ሲነሳ ደንቡ በአንድ ሳምንት ይለወጣል።

ደረጃ 2፦ ወኪሉ የማን ሰው ነው?

ከሁሉም ረዘም ያለ ጊዜ የምትሰጡት ለዚህ ደረጃ ይሁን።

በቋንቋችን ወኪልና ደላላ አንድ አይደሉም። ወኪል የወከለው ሰው ወገን ነው። ደላላ መሃል ቆሞ ሁለቱን ያገናኛል። ሁለቱም ሕጋዊ ሥራ ነው። አደጋው ደላላ ሆኖ ሳለ ወኪል ነኝ የሚላችሁ ጋ ነው።

ገንዘቡ የሚጠፋበት መንገድ ቀላል ነው። ባለፈረሱ 30 ሺህ ይላል። ወኪሉ ለእናንተ 42 ሺህ ብሎ ያቀርባል። 12 ሺውን ኪሱ ያስገባል። ከዚያ በላይ ደግሞ ከእናንተ 10 በመቶ ኮሚሽን ይቀበላል፤ ከሻጩም "ለድካሜ" ብሎ ሊወስድ ይችላል። ሻጩና እናንተ ፊት ለፊት ስለ ዋጋ ካልተነጋገራችሁ ይህን በፍጹም አታውቁም። ካሊፎርኒያ፣ ፍሎሪዳና ኬንታኪ የፈረስ ወኪል ከሁለቱም ወገን ሲሠራ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ የሚያስገድድ ደንብ ያወጡት በዚሁ ምክንያት ነው። አብዛኛው ቦታ እንዲህ ያለ ደንብ የለም። ስለዚህ ደንቡን እናንተ በውል ፍጠሩት።

ወኪሉን እንዲህ አጣሩ

1. ባለፉት ሁለት ዓመታት ፈረስ የገዛላቸውን ሦስት ሰዎች ስልክ ጠይቁ። ከሦስቱ አንዱ ግዢው ያልተሳካለት ይሁን። "ያልተሳካልኝ የለም" የሚል ወኪል ወይ ገና ጀማሪ ነው፣ ወይ ይዋሻል።

2. ለእነዚያ ሰዎች ስትደውሉ "ጥሩ ሰው ነው?" ብላችሁ አትጠይቁ። "የከፈላችሁት ለሻጩ ነው ለወኪሉ? የሻጩን ደረሰኝ አያችሁ? ችግር ሲፈጠር ስልክ ያነሳ ነበር?" በሏቸው።

3. ወኪሉ ራሱ የሚሸጣቸው ፈረሶች እንዳሉት ጠይቁ። ካሉት ይንገራችሁ። የራሱን ፈረስ ሲያሳያችሁ ሻጭ እንጂ ወኪል አይደለምና ኮሚሽን አይከፈለውም።

4. ይህን ወይም የሚመስለውን መልእክት ላኩለት፦

"ከመጀመራችን በፊት በጽሑፍ የምፈልገው አለ። ኮሚሽንዎ ስንት በመቶ ነው? ከሻጩ ወይም ከሻጩ አሰልጣኝ የሚቀበሉት ገንዘብ አለ? ውሉን በቀጥታ ከባለፈረሱ ጋር ተፈራርሜ ዋጋውን በቀጥታ ለእሱ መክፈል እፈልጋለሁ። የእርስዎን ድርሻ ለብቻ በደረሰኝ እከፍላለሁ። ይስማማሉ?"

መልሱ "አዎ" ከሆነ ቀጥሉ። "እዚህ አሠራሩ እንደዚያ አይደለም" ካለ ተሰናበቱ። ትንሽ ቅሬታ አሰምቶ የሚስማማም አለ፤ እሱ ችግር የለውም።

ከወኪሉ ጋር የምትፈራረሙት ውል

ሁለት ገጽ ይበቃዋል። እነዚህ ግን አይቅሩ፦ የኮሚሽኑ መጠን (ከ10 እስከ 15 በመቶ የተለመደ ነው)፣ የሚከፈልበት ቀን፣ ከሌላ ወገን ምንም እንደማይቀበል ወይም ከተቀበለ እንደሚያሳውቅ፣ የጉዞ ወጪው በማን እንደሆነ፣ ውሉ የሚያበቃበት ቀን። ኮሚሽኑ የሚከፈለው የግዢው ውል ተፈርሞ ዋጋው ለሻጩ ሲደርስ ይሁን። በሐኪም ምርመራው ውጤት ምክንያት ፈረሱን ካልገዛችሁት ኮሚሽን የለም፤ ይህንንም ጻፉት።

ከመሃል ቢበላሽስ?

ወኪሉ ከሻጩ ጋር ተደብቆ እንደተዋዋለ ከጠረጠራችሁ አትጩሁ። ሻጩን "ለጉምሩክ የዋጋ ደረሰኝ ያስፈልገኛል፣ በስሜ ይላኩልኝ" በሉት። ቁጥሩ ሁሉን ይነግራችኋል። ልዩነት ካለ ገንዘብ ሳትልኩ አቁሙ።

ደረጃ 3፦ ቪዲዮና መዝገብ

የተቀናበረ ቪዲዮ ለማየት ጊዜ አታጥፉ። ሙዚቃ ካለው ዝጉት፤ የእግሩ ድምፅ አይሰማም። እነዚህን ላኩልኝ በሉ፦

- ያልተቆረጠ 15 ደቂቃ፣ ባለፉት ሁለት ሳምንታት የተቀረጸ። ፈረሱ ከጋጣ ሲወጣ፣ ሲጫን፣ ጋላቢው ሲወጣበት ጭምር ይታይ።
- በጠንካራ መሬት ላይ በእርምጃና በሶምሶማ፣ ከፊትና ከኋላ።
- ልጓሙ ለቀቅ ተደርጎ በእርምጃ፣ ቢያንስ ሁለት ደቂቃ።
- ባለሙያ ያልሆነ ሰው ሲጋልበው። ለአማተር ገዢ ከሁሉም ቪዲዮ የሚበልጠው ይሄ ነው።

ስታዩ ዓይናችሁ የፊት እግሩ ከፍ ማለት ላይ አይቅር። ሶምሶማን ጥሩ ጋላቢ ሊያሳምረው ይችላል። እርምጃና ደንገላሳ ግን ከተፈጥሮ የመጣውን ያህል ናቸው። በእርምጃ አራቱ እግሮች ለየብቻ መሬት ሲመቱ መሰማት አለባቸው። በአንድ ጎን ያሉት ሁለቱ አብረው የሚነሱ ከሆነ እንደ ሰጋር በቅሎ እየሄደ ነው። ለመንገድ ይመቻል፤ ለድሬሳዥ ነጥብ ግን ያስጥላል። ደንገላሳው ሦስት ምት ይኑረው። አራት ከሆነ ወይ ደክሟል፣ ወይ የኋላ እግሩን አይጠቀምም።

ቀጥሎ መዝገቡን ፈትሹ። የኤፍኢአይ የመረጃ ቋት ለማንም ክፍት ነው። በዓለም አቀፍ ውድድር የተሳተፈ ፈረስ ውጤቱ እዚያ ይገኛል። ፈረስ ሲሸጥ ስሙ ሊቀየር ስለሚችል በስም ብቻ አትፈልጉ። የፓስፖርቱን (የፈረሱን መታወቂያ ደብተር) ቁጥርና ከቆዳው ሥር ያለውን ባለ15 አኃዝ የማይክሮቺፕ ቁጥር አስልኩ። ውጤቱን ስታዩ ከነጥቡ ይልቅ ክፍተቱን ፈልጉ። በየወሩ ሲወዳደር ቆይቶ ስምንት ወር የጠፋ ፈረስ የት ነበር? "ጋላቢው ታሞ ነበር" ሊሆን ይችላል። ፈረሱ ታሞም ሊሆን ይችላል። ጥያቄውን መዝግባችሁ ለሐኪሙ አቆዩት።

ደረጃ 4፦ ሄዳችሁ እዩ

በቀን ከአራት ፈረስ በላይ አትዩ። አምስተኛው ላይ ሁሉም ይምታታል።

1. ከቀጠሮው 30 ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ። ፈረሱ ጋጣ ውስጥ ሆኖ እዩት። ኮርቻ የሚቀመጥበትን ቦታ በእጃችሁ ዳስሱ። የደረቀ ላብ ካለ ጠዋት ደክሞ እንዲረጋጋላችሁ ጋልበውታል ማለት ነው።

2. ሲታጠብ፣ እግሩ ሲነሳ፣ ኮርቻ ሲጠብቅበት ቁማችሁ ተመልከቱ። ጆሮውን ወደ ኋላ የሚጥል፣ ሆዱን ለመንከስ የሚዞር ፈረስ የሚነግራችሁ ነገር አለው።

3. መጀመሪያ የሻጩ ጋላቢ ይጋልብ። ቀጥሎ አሰልጣኛችሁ ካለ እሱ። እናንተ መጨረሻ።

4. ስትጋልቡ ትርዒቱን ተዉት። ቁሙ፣ ሂዱ፣ ቁሙ። በረጅም ልጓም ተራመዱ። በሁለቱም አቅጣጫ ክብ ሥሩ። ስህተት ሆን ብላችሁ ሥሩ፦ ሚዛናችሁን ትንሽ አዛቡ፣ እግራችሁን ባልተለመደ ቦታ አስቀምጡ። ይቅር የሚል ፈረስ ነው ወይስ የሚቆጣ? ከፒያፍና ከፓሳዥ (በቦታ ላይና ከፍ ብሎ ከሚረገጠው የትርዒት ሶምሶማ) ይልቅ ዓመቱን ሙሉ አብራችሁት የምትኖሩት ይሄ ነው።

5. የወደዳችሁትን በማግስቱ ተመልሳችሁ እዩ። በተለየ ሰዓት ይሁን። ሁለተኛው ቀን ከመጀመሪያው የከፋ ከሆነ ለጊዜው ተዉት።

ወኪሉና ሻጩ በማታውቁት ቋንቋ መነጋገር ከጀመሩ እዚያው "ምን አላችሁ?" በሉ። ማታ በስልክ የሚነገር ትርጉም ያጥራል። ዋጋን በተመለከተም ጋጣው በር ላይ ቆማችሁ "ወድጄዋለሁ" አትበሉ። ፊታችሁም እንዳይናገር ተጠንቀቁ፤ ነጋዴ ፊት ያነባል።

መሄድ ካልቻላችሁ ወኪሉ ብቻ አይቶ አይወስን። ከወኪሉ ጋር ጥቅም የማይጋራ ጋላቢ ወይም አሰልጣኝ በክፍያ አስቀምጡበትና በቀጥታ ቪዲዮ ተከታተሉ። ወጪ ነው። ግን ከአንድ የተሳሳተ ፈረስ ይረክሳል።

ቁመቱንም በዱላ አስለኩ። አውሮፓ በሴንቲሜትር ይናገራል፤ ሌላው በሃንድ፣ አንዱ ሃንድ 10.16 ሴንቲሜትር ነው። 170 ሴንቲሜትር ሲባል 16 ሃንድ ከ3 ኢንች ማለት ነው። "170 ገደማ" የተባለ ፈረስ ሲለካ 165 ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው።

ደረጃ 5፦ የእንስሳት ሐኪም

ሐኪሙን እናንተ ምረጡ፣ እናንተ ክፈሉ። የሻጩን ጋጣ የሚያክመው ሐኪም አይሁን። ወኪሉ አንድ ስም ብቻ ከሰጣችሁ ሌላ ፈልጉ። በዚያ አገር ያለ የፈረስ ክሊኒክ ስትደውሉ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ "ይህን ሻጭ ወይም ይህን ፈረስ ታክማላችሁ?" ይሁን።

የምርመራው ዝርዝር

ለድሬሳዥ ፈረስ ከዚህ ያነሰ አትቀበሉ፦ ልብ፣ ሳንባ፣ ዓይን፤ በጠንካራ መሬት ቀጥታና በክብ በሶምሶማ፤ መገጣጠሚያዎቹን አጥፎ ይዞ ከለቀቁ በኋላ የሚደረገው የሶምሶማ ፈተና፤ ኮርቻ ተጭኖ ሲጋለብ ማየት። ራጅ ደግሞ የፊት ሰኮናዎች፣ የአራቱም እግር ቁርጭምጭሚቶች፣ የኋላ እግር መሃል መገጣጠሚያና የኋላ ጉልበት፣ አንገትና ጀርባ። የጀርባው ራጅ ይዝለል የሚል ካለ እምቢ በሉ። ድሬሳዥ በጀርባ የሚሠራ ሥራ ነው፤ የጀርባ አጥንት ጫፎች ተነካክተው እንደሆነ ሳያዩ መግዛት ዓይን ጨፍኖ መራመድ ነው።

ደም በዚያው ቀን ይቀዳና በታሸገ ዕቃ ይቀመጥ። ፈረሱ የተረጋጋው በመድኃኒት እንደነበር በኋላ ከጠረጠራችሁ የሚመረመረው እሱ ነው።

አገራችሁ ለማስገባት የምትጠይቀውን የበሽታ የደም ምርመራ፣ በተለይ ፓይሮፕላዝሞሲስን፣ ከራጁ በፊት አሠሩ። በመዥገር የሚተላለፍ ነው፤ ደቡብ አውሮፓ በብዛት አለ። ፈረሱ ጤነኛ መስሎ ፀረ እንግዳ አካሉ ደሙ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ያለውን የማያስገባ አገር ብዙ ነው። ከስፔን ወይም ከፖርቱጋል የምትገዙ ከሆነ ይህ ውጤት ሳይመጣ ሌላ ወጪ አታውጡ።

ውጤቱን ማንበብ

ሐኪም ፈረስን "አለፈ" ወይም "ወደቀ" አይልም። ያየውን ይጽፋል፤ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። የራጁን ዋና ፋይሎች ተቀበሉ፤ የስልክ ፎቶ አይበቃም። ለአገራችሁ ሐኪም ላኩና ሁለተኛ አስተያየት ያዙ። በኋላ የሚያክመው እሱ ነውና አሁን ይናገር።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ጀርመን ውስጥ ድሮ ራጅ በክፍል ይመደብ ነበር፤ ክፍል 1፣ ክፍል 2 እየተባለ። ይህ አመዳደብ በ2018 ተትቷል። ዛሬም "ክፍል 2 ነው፣ አትስጉ" የሚል ሻጭ ታገኛላችሁ። ወይ ራጁ ያረጀ ነው፣ ወይ ሰውየው ቃሉን ለማረጋጊያ እየተጠቀመበት ነው። አዲስ ራጅ አስነሱ።

ግኝት ሲኖር ምን ታደርጋላችሁ?

ንጹሕ ራጅ ያለው የ10 ዓመት የስፖርት ፈረስ ብርቅ ነው። ስለዚህ ሐኪሙን "ይህ ግኝት ያለው ፈረስ እኔ በምፈልገው ሥራ ላይ ምን ያህል ይቆያል? ሲሸጥስ ገዢውን ያስፈራል?" ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛውን ጥያቄ ሰው ይረሳዋል። እናንተ ብትታገሱትም ቀጣዩ ገዢ ላይታገሰው ይችላል። ግኝቱ ቀላል ከሆነ ዋጋ አስቀንሱ። ፈረሱ በሶምሶማ ካነከሰ ግን ድርድር የለም። "ትናንት የሰኮናው ብረት ተቀይሮ ነው" ከተባለ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ ምርመራ በሻጩ ወጪ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ዝምታ ይከተላል።

ደረጃ 6፦ ውልና ገንዘብ

ፓስፖርት የባለቤትነት ማስረጃ አይደለም። ፓስፖርቱ ፈረሱን ይለያል እንጂ የማን እንደሆነ አያረጋግጥም። ጀርመን ውስጥ የባለቤትነት ሰነዱ ለብቻው ያለ ወረቀት ነው። ሁለቱም ካልቀረቡ አትክፈሉ። በሰነዱ ላይ ያለው ስም፣ በውሉ ላይ ያለው ስምና የባንክ ሒሳቡ ስም አንድ ይሁኑ። ካልሆኑ ለምን እንደሆነ በጽሑፍ ይብራራ።

ውሉ ውስጥ እነዚህ ይግቡ፦ የፈረሱ ስምና ማይክሮቺፕ ቁጥር፣ ዋጋው ግብር ይዞ ነው ወይስ ሳይዝ፣ የሐኪሙ ሪፖርት የውሉ አካል መሆኑ፣ ሻጩ የሚያውቀው ሕመምና ቀዶ ሕክምና፣ ፈረሱ ቢሞት ወይም ቢጎዳ ኪሳራው ከየትኛው ሰዓት ጀምሮ የእናንተ እንደሚሆን፣ እስኪጫን ድረስ የሚቀለበው በማን ወጪ እንደሆነ፣ ክርክር ሲነሳ የየት አገር ሕግ እንደሚሠራ። ኢንሹራንሱ ኪሳራው ወደ እናንተ በሚዞርበት ደቂቃ ይጀምር። በነጋታው አይደለም።

ግብሩን አደራ። ጀርመን ውስጥ የተጨማሪ እሴት ታክስ 19 በመቶ፣ ኔዘርላንድስ 21 በመቶ ነው። ነጋዴ ከሆነ ሻጭ ገዝታችሁ ፈረሱ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣ፣ የመውጫ ማስረጃው ሲቀርብ ታክሱ ሊቀር ይችላል። ግን ይህ አስቀድሞ በውሉ መጻፍ አለበት። በ40 ሺህ ላይ 21 በመቶ 8,400 ዩሮ ነው። "መጀመሪያ ክፈሉ፣ በኋላ ይመለሳል" ከተባለ መቼና በማን እንደሚመለስ ይጻፍ።

ገንዘቡን ስትልኩ፣ የሒሳብ ቁጥሩ በኢሜይል ከመጣ በፊት ታወሩት በነበረው ስልክ ደውላችሁ ቁጥሩን በቃል አስነብቡ። በተለይ "ባንካችን ተቀይሯል" የሚል መልእክት ከመጣ። ኢሜይል ሰብረው የራሳቸውን ሒሳብ የሚያስገቡ ሌቦች አሉ፤ የተላከ ገንዘብ ደግሞ አይመለስም።

ቀብድ ትንሽ ይሁን። ምርመራው ካልተሳካ ተመላሽ መሆኑም ይጻፍ።

ጨረታ ላይ ከሆነ የምትገዙት፣ ለምሳሌ በጀርመኖቹ ከተሞች ቬርደን ወይም ፌክታ፣ ነገሩ ይፈጥናል። ራጁና የሐኪም ሪፖርቱ ከጨረታው በፊት ስለሚታይ ሐኪማችሁ ያንብበው። ለወኪሉ ጣሪያውን በጽሑፍ ስጡት። በመዶሻው ዋጋ (ጨረታው በተዘጋበት ዋጋ) ላይ የጨረታ ክፍያና ግብር እንደሚጨመር አስባችሁ ጣሪያውን ዝቅ አድርጉ።

ደረጃ 7፦ ጭነት

የፈረስ ጭነት ድርጅት ለብቻው ቅጠሩ። ወኪሉ ቢጠቁም ችግር የለም፤ ዋጋውን ግን ከሁለት ሌሎች ጋር አነጻጽሩ። ከአውሮፓ የሚነሱ ፈረሶች እንደ አምስተርዳም፣ ሊዬዥና ፍራንክፈርት ባሉ አውሮፕላን ማረፊያዎች ያልፋሉ። በአንድ ሳጥን እስከ ሦስት ፈረስ ይቆማል። ለሁለት ብቻ የሚሆን ቦታ ብትከፍሉ ለትልቅ ፈረስ እፎይታ ነው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ የለይቶ ማቆያ ቦታ፣ ቀጥሎ በረራ፣ በመጨረሻ ለጉዞው የሚቀዳው ደም (ከግዢው በፊት ከተቀዳው ሌላ ነው)። የደም ምርመራ የሚያገለግልበት ቀን የተወሰነ ነው። በረራ ሳይያዝ ከተቀዳ ውጤቱ ጊዜው አልፎበት እንደገና ትከፍላላችሁ።

ለፈረሱ የሚያሰጋው ከበረራው ይልቅ አንገቱ ከፍ ብሎ ለረጅም ሰዓት መታሰሩ ነው። አንገቱን ዝቅ ካላደረገ ከሳንባው መውጣት ያለበት አክታና አቧራ አይወጣም፤ የሳንባ ብግነት ይከተላል። ስለዚህ በመንገድ ላይ አንገቱን ዝቅ የሚያደርግበት ዕረፍት እንዲኖር፣ ድርቆሹ እንዲርስ፣ ባልደራሱ ውኃ በየጊዜው እንዲያቀርብ በጽሑፍ ጠይቁ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ከባድ ሥራ የለም፤ የእህል መኖ ይቀነስ። ያሳለ ወይም ያተኮሰ ፈረስ አይጫን፤ ትኬቱ ይቃጠል።

ዋናው ፓስፖርት ከፈረሱ ጋር ይጓዛል። እናንተ የእያንዳንዱን ገጽ ቅጂ ያዙ።

ደረጃ 8፦ ከደረሰ በኋላ

1. ከመኪናው ሳይወርድ በፊት ቪዲዮ ቅረጹ። ሲወርድም ቅረጹ። የማይክሮቺፑን ቁጥር በማንበቢያ አንብባችሁ ከፓስፖርቱ ጋር አስተያዩ።

2. ቁስል ወይም ማንከስ ካያችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ጥሩ፤ ለጭነት ድርጅቱና ለኢንሹራንሱ በጽሑፍ አሳውቁ። "ነገ ይሻለው እንደሆነ እንይ" ያለ ሰው በኋላ ካሳ መጠየቅ ይቸግረዋል።

3. ለ10 ቀን ጠዋትና ማታ ሙቀቱን ለኩ። ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ጤነኛ ነው። ከ38.5 ካለፈ፣ ካሳለ ወይም መኖ ከተወ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም።

4. ከሌሎቹ ፈረሶች ለሁለት ሦስት ሳምንት ለይታችሁ አኑሩት። የተለየ ባልዲ፣ የተለየ ብሩሽ።

5. የድሮ ጋጣው ምን ያበላው እንደነበር በኪሎ ጠይቁ። መኖውን ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ቀስ በቀስ ለውጡ። በአንድ ቀን የተለወጠ መኖ የሆድ ቁርጠት ያመጣል።

6. የመጀመሪያው ሳምንት በእጅ ማራመድ ነው። ሁለተኛው ሳምንት በረጅም ልጓም ቀላል ግልቢያ። ወዳጆቻችሁን ሰብስባችሁ እግር መቀየሩን ለማሳየት አትቸኩሉ። ይህን ያደረገ ሰው አውቃለሁ፤ ፈረሱ ያንን እንቅስቃሴ እንደገና እስኪለምድ ወራት ፈጀ።

7. ኮርቻ ወዲያው አትግዙ። በጉዞ የከሳው ሥጋ ሲመለስ ጀርባው ይለወጣል። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ጠብቁና አስለኩ።

8. የባለቤትነት ለውጡን ፓስፖርቱን ባወጣው የርቢ ማኅበርና፣ ዓለም አቀፍ ውድድር ካሰባችሁ፣ በፌዴሬሽናችሁ በኩል አስመዝግቡ።

በሦስተኛው ሳምንት ፈረሱ ከሞከራችሁት ጊዜ የተለየ ጠባይ ካሳየ፣ ከመደናገጣችሁ በፊት የድሮ ጋላቢውን ደውሉ። "ከመጋለቡ በፊት ምን ታደርጉለት ነበር? ምን ያህል ሰዓት ውጭ ይውል ነበር? ልጓሙ የትኛው ዓይነት ነው?" በሉት። አንዳንዴ መልሱ "ጠዋት ጠዋት ሜዳ እንለቀው ነበር" የሚል ብቻ ነው። መልሱ ከዘገየ፣ ወይም ስልኩ ከተዘጋባችሁ፣ ያ የታሸገ ደም ሳይጣል ይመርመር።